የቲቸር ወይንሸት የአርብ ደብተር

ዜናው የደረሰኝ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ነው። «የ6ኛ ለ ወላጆች» የሚለው የቴሌግራም ግሩፕ ልጆቻችን ስድስተኛ ክፍል ሳሉ የተከፈተ ነው፤ አምስት ዓመት ሙሉ በበዓል በዓል ከሚላክ የአበባ ፎቶ በቀር ምንም ገብቶበት አያውቅም። ፋብሪካው ካፌ ውስጥ ሽሮዬን ጎርሼ ሳልውጥ ስልኬ ጮኸ። «የልጆቻችን መምህርት ወይንሸት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ነፍስ ይማር።» ከሥሩ ወዲያው የሚያለቅሱ ፊቶች ተደረደሩ።

ለልጄ ደወልኩ። ሳምራዊት አሁን አስራ አንደኛ ክፍል ናት።

«ሳምሪዬ፣ ቲቸር ወይንሸት ሞቱ» አልኳት።

ቀስ ብላ፣ «አይተሽ ነው ሰምተሽ?» አለችኝ።

ይሄን ጊዜ ነው እንባዬ ዱብ ዱብ ያለው። የሳቸው ንግግር ነዋ! ልጅ ተነስቶ «ቲቸር፣ እንትና እርሳሴን ሰረቀኝ» ሲል፣ ወላጅ መጥቶ «መንግሥት መጽሐፉን ሊቀይረው ነው» ሲል፣ ለሁሉም መልሳቸው ይቺ ነበረች። አይተህ ነው ሰምተህ? አይተው ነው ሰምተው? ልጄ ራሷ ስልክ አፈላልጋ የእህታቸውን ልጅ አገኘቻት። እውነት ነው። ደም ግፊት ነው። ቀብሩ ነገ፣ አርብ፣ ስድስት ሰዓት። ከቀን ሁሉ አርብ!

ስለሳቸው ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ካልተነፈስኩ አይሆንልኝም። ቲቸር ወይንሸትን ከክፍላቸው ያስወጣቸው የወላጆች አቤቱታ በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። ፊርማው የብዙ ሰው ነው፣ ጽሑፉ ግን ከላይ እስከ ታች የእኔ። ይሄን ከፈረሙት ጎረቤቶቼና ከዳይሬክተሩ በቀር ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሳቸውም። ዛሬ ልንገራቸው፣ ነገ ልንገራቸው ስል አምልጠውኝ ሞቱ።

እኔ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ ጉድለት መፈለግ ነው። ያፈተለከ ክር፣ የተንጋደደ ኪስ፣ የጠፋች ቁልፍ ሳገኝ በትንሽ ወረቀት ጉድለቱን ጽፌ ልብሱ ላይ አንጠለጥላለሁ። ከዚያ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ቤቴ እገባና እዚያም አላቆምም። ባሌ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ወር በወር ነው የምናየው። ስለዚህ ያለችኝን አንዲት ልጅ ማታ ማታ እንደ ሸሚዝ አገላብጬ ነበር የማያት። ስንት አገኘሽ? የቱን ሳትሽ? ለምን ሳትሽ?

ሳምሪ አምስተኛ ክፍል ሳለች ፈተና ባለ ቁጥር ታስመልስ ነበር። ቤት የምትመልሰውን ጥያቄ ወረቀቱ ፊቷ ሲቀመጥ እጇ ድርቅ ይልባታል። ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ ጨጓራ አሉኝ፤ ወተት አጠጣኋት። ምን አባቴ ላድርግ? በዚያ ላይ አዲሱ ዓመት የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የምትፈተንበት ነው። እኔ ገና በመስከረም ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ቲቸር ወይንሸትን መጀመሪያ ያወቅኳቸው በስልክ ነው። ከትምህርት ቤት ስልክ ተደወለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ያውቀዋል። ወይ ልጅሽ ተመታለች፣ ወይ ልጅሽ መታለች። ሥራ ላይ ነበርኩ።

«የሳምራዊት እናት ነሽ?»

«ነኝ! ምን ሆነችብኝ?»

«ምንም አልሆነች። የክፍል ኃላፊዋ ነኝ። ዛሬ አምፖል አበራች።»

«ምን?»

«አምፖል። በባትሪና በሽቦ። ራሷ አገናኝታ። ልነግርሽ ብዬ ነው፣ በይ ደህና ዋይ» ብለው ዘጉት።

የተጠቀለለ ሱሪ ላይ ዘጭ አልኩ። የመስመራችን አለቃ ሮጣ መጣች።

«ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?»

«ልጄ አምፖል አበራች» አልኳት።

«እና ታለቅሻለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ሰው በዚህ ተብሎ ይደወልለታል? ልቤን እኮ ነው የሰነጠቁት!

የወላጅ ስብሰባ ላይ በአካል አየኋቸው። አጭር፣ ሃምሳዎቹን የተሻገሩ፣ ጸጉራቸው በሻሽ የታሰረ። ግራጫ ሹራባቸው ከኪሶቹ ክብደት የተነሳ ጉልበታቸው ድረስ ተለጥጧል። ኪሳቸው ውስጥ የሌለ ነገር የለም፤ ቆርኪ፣ ሽቦ፣ የተሰበረ መስታወት በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንዴ እንዲያውም በሕይወት ያለ ቀንድ አውጣ አውጥተዋል። ሰው ሊያዳምጡ ሲሉ መነጽራቸውን ያወልቃሉ። መነጽር ለማየት እንጂ ለመስማት ምን ያደርጋል፣ ይላሉ። ከልጅ ጋር ሲያወሩ ደግሞ የልጁን የእጅ አንጓ ይዘው መዳፉን ወደ ላይ ይገለብጡና እሱን እያዩ ነው የሚያወሩት።

ያን ቀን ለእያንዳንዱ ወላጅ ስስ ደብተር አሳዩን። በየአርቡ ወደ ቤት ይመጣል። እሳቸው የልጁ እጅ በሳምንቱ ምን እንደሠራ ሁለት መስመር ይጽፋሉ። እኛ ከሥሩ መልስ ጽፈን ሰኞ እንመልሳለን።

«ፊርማ እንዳትሰጡኝ» አሉ። «ፊርማ ሳያነቡም ይፈረማል። ቃል ጻፉልኝ፤ አንዲት ቃልም ብትሆን።»

የእኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ተካ ተነሱ። የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ጡረተኛ ናቸው።

«እኔ መጻፍ አልችልም፤ መፈረምን ግን አሳምሬ እችላለሁ» አሉ። ቤቱ ሳቀ።

«እርስዎ ይናገሩ፣ ጎረቤት ይጻፍልዎ» አሉ ቲቸር።

ጎረቤት ማለት እኔ ሆንኩ። እጄ ያምራል ይባላል፤ እውነትም ያምራል። ልብስ ላይ የማንጠለጥላትን ወረቀት እንኳ እንደ ሰርግ ጥሪ ነው የምጽፋት። በየአርቡ የአራት ቤት ደብተር እኔ ጋ ይመጣ ጀመር። ጋሽ ተካ ቆጣ ብለው ያስጽፉኛል፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ግማሽ ገጽ ምርቃት ታስወርደኛለች፣ የሦስተኛ ፎቋ «ደህና ነን፣ እርስዎስ?» ብቻ። ያልተማሩ መሆናቸው እንዳይታወቅባቸው እኔ ደግሞ ቃሉን አሳምርላቸዋለሁ። አንድ ሰኞ ቲቸር በእኔ ደብተር ጥግ ላይ «ለአራቱ ቤት የምትጽፈው እጅ ትባረክ» ብለው ጽፈው መጡ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄን ለይተው ያውቁት ነበር ማለት ነው። ይሄን ልብ ያልኩት ግን ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው።

የሚጽፉት ነገር ግን ያሳብደኝ ነበር። «የሳምራዊት እጅ በዚህ ሳምንት የሽቦ ላስቲክ ላጠ። ሽቦው አልተቆረጠም።» ሌላ ሳምንት፣ «የሳምራዊት እጅ የበግ ልብ ከፈተ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ኋላ ተወ።» ሌላ ሳምንት፣ «የሰንደቅ ዓላማውን እንጨት ጥላ በገመድ ለካች። በረፍት ሰዓት ድጋሚ ለካችው፤ አጥሮ ስላገኘችው ተቆጣች።» ወይ ጉድ! ሚኒስትሪ ፈተና «ሽቦ ላጪ» ነው እንዴ የሚለው? እኔ ከሥሩ «ስንት አገኘች?» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው አርብ መልሱ መጣ፤ «ሁለት አምፖልና አንድ ባትሪ።»

ሹፈት መሰለኝ። ሹፈት እንዳልነበረ ኋላ ነው የገባኝ።

የካቲት ሲገባ ጭንቀቱ ብሎኩን ወረረው። የ6ኛ ሀ ልጆች ሦስት ደብተር ማስታወሻ ጨርሰዋል ተባለ። የእኛ ልጆች ደብተር ግን ሲገለጥ ነጭ ነው፤ አልፎ አልፎ ሥዕል፣ ቀስት፣ የአፈር ጣት አሻራ። ጋሽ ተካ በየቀኑ ወሬ ይዘው ይመጣሉ። ቀኑን ሙሉ አፈር ሲያቦኩ ነው የሚውሉት አሉ። አምና እሳቸው ያስተማሯቸው ሁሉ ወድቀዋል አሉ። ሴትዮዋ ልባቸውን ያማቸዋልና ማስታወሻ ማስጻፍ ይደክማቸዋል አሉ። አሉ፣ አሉ፣ አሉ። አንድም ሰው «ማን አለ?» ያለ የለም። እኔም አላልኩም። ስፈራ መጠየቅ አልችልም፤ የባሰውን መስማት ነው የምፈልገው።

አንድ እሁድ ከሰዓት ስለ ውኃ መቋረጥ የብሎኩ ስብሰባ ተጠራ። ውኃው በአምስት ደቂቃ ተረሳና ወሬው ሁሉ ቲቸር ወይንሸት ሆነ። አቤቱታ ይጻፍ ተባለ።

«የሳምሪ እናት ትጻፈው፤ እጇ ያምራል» አሉ ጋሽ ተካ።

ጻፍኩት። ይግረማችሁና ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። «ልጆቻችን ውድ ጊዜያቸውን በጨዋታ እያባከኑ በመሆኑ» የምትለዋን ሐረግ ሳነብላቸው አጨበጨቡልኝ። አንድ ቀን እንኳ በዚያ ክፍል በር አልፌ የማላውቅ ሴት! ሳምሪ ፎቅ ላይ ነበረች፤ ምንም አላወቀችም።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ቲቸር ወይንሸት ከክፍል ወጥተው የዕቃ ክፍል ኃላፊ ተደረጉ። አዲስ አስተማሪ መጣ። ማስታወሻ ያስጽፋል። የሳምሪ ደብተር በሳምንት ግማሽ ሞላ። እኔ ገጹን እየቆጠርኩ እፎይ ልል ስል፣ ማክሰኞ ጠዋት ልጄ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መታጠቢያ ቤት ገብታ አስመለሰች። ረቡዕም። ሐሙስም። ፈተና እንኳ ሳይኖር።

ያን ሐሙስ የመታጠቢያ ቤቱን ወለል እየጠረግኩ ነው የነቃሁት። ይቺ ልጅ ከመስከረም ጀምሮ አስመልሳ አታውቅም ነበር! ስድስት ወር ሙሉ ድና ነበር፤ እኔ አላየሁም። ሥራዬ የተበላሸ መፈለግ ነው፣ የተስተካከለ ልብስ በእጄ አልፎ ሲሄድ ልብ ብዬው አላውቅም። አፈር ልብላ ብዬ ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር አጋጨሁ።

በማግስቱ ሥራ አስፈቅጄ ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ።

«አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፣ መምህርቷን ይመልሱልን።»

ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው አልተነሱም። «እህቴ፣ ያንቺ ብቻ አይደለም እኮ፤ የስንት ሰው ፊርማ አለበት። ወረዳም ደርሷል። ዛሬ አውጣ፣ ነገ መልስ የሚባል ሥራ የለም።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ምንም። ወረቀቱን አየት አደረጉና ኮፒ ይሰጠኝ አሉ። ሰጠናቸው።»

ኮፒ! በየሳምንቱ ያንን ጽሑፍ አራት ደብተር ላይ የሚያነቡት ሴትዮ ኮፒ ወስደዋል። ከትምህርት ቤቱ ስወጣ ግቢው ውስጥ እንዳላገኛቸው በአጥር በአጥሩ ነው የሄድኩት።

በዚያው ቀን፣ አርብ ማታ ሳምሪ ስሱን ደብተር ከቦርሳዋ አወጣች።

«ይሄ ከየት መጣ? አሁን እኮ አስተማሪሽ አይደሉም።»

«በረፍት ሰዓት ዕቃ ክፍል እሄዳለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ሌሎችም ይመጣሉ።»

ተቀብዬ ገለጥኩት። «የሳምራዊት እናት፣ የዕቃ ክፍሉ መደርደሪያዎች ስም የላቸውም። ነገ ጠዋት መጥተሽ ጻፊልኝ። እጅሽ ያምራል።» ሌላ ቃል የለም። አሥር ጊዜ አነበብኩት። አውቀውብኛል? አላወቁም? ሊያዋርዱኝ ነው? ካወቁ ለምን አይናገሩም?

ሄድኩ። ባልሄድ ደግሞ ጥፋቴን ያመንኩ ይመስላል ብዬ ነው የሄድኩት። ክፍሉ አቧራ የጠገበ ነው፤ አንገቱ የተሰበረ የዓለም ሉል፣ ካርቶኑ ሳይከፈት ዓመታት የተቀመጠ ማይክሮስኮፕ፣ የሰው አጽም ሥዕል። ቲቸር ወይንሸት ትንሽ ጠረጴዛ ጠርገው ማርከርና የተቆራረጠ ካርቶን አዘጋጅተዋል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ይጠራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ማግኔት። ሽቦ። የጠርሙስ ክዳን። የአፈር ዓይነቶች። እያንዳንዱን ፊደል ስጽፍ ያው ያ አቤቱታ ነው የሚታየኝ። እጄን ለመቀየር ሞከርኩ፤ እጅ አይቀየርም።

«ለ»ን ስጽፍ ጎንበስ ብለው አዩ።

«አንገቷን ረዘም ታደርጊያታለሽ» አሉ።

አሁን መጣ፣ አሁን ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ጥሩ ነው፣ ከሩቅ ይነበባል። ቀጥይ፤ ሚዛን» አሉ።

ሁለት ሰዓት እንደዚያ ተሰቃየሁ። ልወጣ ስል በሩ ጋ፣ «ሳምሪ ደግሞ ማስመለስ ጀምራለች አይደል?» አሉኝ።

«ፈተናውን ትፈራለች።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ከትምህርት ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትጠይቂያት ምንድነው?»

«ያው… ስንት አገኘሽ ነዋ።»

«ከዚያስ?»

ከዚያ ምን ነበር የምጠይቃት? አስቤ አስቤ አጣሁት።

«ፈተናውን አይደለም የምትፈራው» አሉ በለሆሳስ። «ፊትሽን ነው።»

ዘለልኩባቸው። ጥፋተኛ ሰው ደግሞ ሲቆጣ አያድርስ ነው። «እርስዎ ልጅ የለዎትም! የእናት ጭንቀት ምን እንደሆነ በምን ያውቁታል?» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የለኝም» አሉ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። «የሰው ልጅ እያየሁ ነው የተማርኩት። አንድ ነገር ልለምንሽ። ሰኞ ስትገባ ምንም አትጠይቂያት። እጇን ብቻ እዪ።»

ሰኞ ከሥራ ገብቼ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ልጄ ከበሩ ጀምሮ «ስንት አገኘሽ»ን እየጠበቀች ፊቴን ታጠናለች። እኔ እጇን አየሁ። የቀኝ ጠቋሚ ጣቷ ላይ ትንሽ የተቃጠለች ቦታ አለች።

«ይቺ ምንድናት?» አልኳት።

«እሱማ…» ብላ ጀመረች፤ እራት እስኪቀርብ አላቆመችም። ሽቦ ሲቀጥን ለምን እንደሚግል፣ ማን እንደጮኸ፣ ቲቸር ጣቷን ውኃ ውስጥ ነክረው «አሁን ሙቀት ምን እንደሆነ ማንም አይነግርሽም» እንዳሏት። ልጄ አውርታልኝ አታውቅም ነበር፤ ምርመራዬን ስትመልስ ነበር የኖረችው። ያን ሳምንት ሐሙስና አርብ አላስመለሰችም።

ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ስም ስጽፍ ከረምኩ። በረፍት ሰዓት የሚመጡት ልጆች በዝተው ዕቃ ክፍሉ ከክፍሉ በላይ ክፍል ሆኖ ነበር። እኔ ግን በየቅዳሜው ዛሬ እናዘዛለሁ ብዬ እገባና አፌን ስከፍት «ደመቅ ያለ ቀለም አለ ወይ» ምናምን ብዬ እወጣለሁ። ሠላሳ ጊዜ ተዘጋጅቼበታለሁ። ምናልባት አላወቁ ይሆናል፤ ካላወቁ ለምን ላሳዝናቸው? ካወቁ ደግሞ ምን ይቀራል? እንዲህ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሳምሪ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ከንፈሯ ነጣ። ያው ሊጀምራት ነው ብዬ ፌስታል አዘጋጀሁ። ቲቸር ወይንሸት ኪሳቸው እየተንኳኳ መጡ፤ አንጓዋን ይዘው መዳፏን ገለበጡት።

«ይሄ እጅ ምን ምን ሠራ?»

«አምፖል አበራ» አለች ሳምሪ በቀጭን ድምፅ። «ልብ ከፈተ። ጥላ ለካ። ሳሙና…»

«እርሳስ መያዝ ያቅተዋል?»

«አያቅተውም።»

«በይ ግቢ።»

ገባች። አላስመለሰችም። ያን ቀን ያስመለስኩት እኔ ነኝ፣ ከአጥሩ ጥግ። ጀርባዬን የደገፉኝ ማን ነበሩ? እሳቸው። «አይዞሽ፣ አንቺም አልፈሻል» ብለው ሳቁብኝ።

ልጄ አለፈች። አንደኛ አልወጣችም፣ አለፈች። ውጤት ከመጣ በኋላ ስሱ ደብተር ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ቤት መጣ። «የሳምራዊት እጅ ከእንግዲህ የእኔን ደብተር አይፈልግም። የቀረው ገጽ ያንቺ ነው። ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር ካለ እዚህ ጻፊው።»

ከሥሩ ሙሉ ገጽ ባዶ። ያውቁ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? በሩን ከፍተው ግቢ ብለውኛል። እስክሪብቶ ያዝኩ። እኔ ነኝ ብዬ ልጽፍ ፊደሏን ጀምሬ ተውኩት፤ ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? ፈረምኩ! እሳቸው ከምንም አብልጠው የሚጠሉትን፣ ቃል የሌለው ፊርማ። ሰኞ ሳምሪ ወስዳ ሰጠቻቸው።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«አዩትና እሺ አሉ። ከዚያ ደብተሩ ያንቺ ነው ብለው መለሱልኝ።»

ቲቸር ወይንሸት ወደ ክፍል አልተመለሱም። ጡረታ የወጡት ከዚያው ዕቃ ክፍል ነው። አንዳንዴ ጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኛቸው ነበር። «የሳምሪ እጅ እንዴት ነው?» ይሉኛል እንጂ ሌላ ጠይቀውኝ አያውቁም። አንዴ እንዲያውም ከጀሞ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሄደናል። መንገዱ ተዘጋግቶ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብናል። አርባ ደቂቃ ሙሉ ስለ መንገድ መዘጋጋት አወራኋቸው።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሳምሪ ደብተሩን ከቁም ሳጥኗ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ታገላብጥ ነበር። ጥቁር ልብሴን ለብሼ ስመጣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደርሳለች።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ ለምን ፈርመሽ ብቻ ተውሽው? ቲቸር ፊርማ አይወዱም ነበር እኮ።»

ተነፈስኩት። ቆሜ፣ ነጠላዬን እየጠመዘዝኩ፣ ከእሁዱ ስብሰባ እስከ ታክሲው ድረስ። ልጄ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዕቃ ክፍል የገቡት ባንቺ ነው?»

«በእኔ ነው።»

«እኔ እኮ በእኔ ምክንያት ይመስለኝ ነበር» አለች። «ደብተሬ ባዶ ስለነበረ።»

አምስት ዓመት! ያቺ ልጅ አምስት ዓመት እሱን ተሸክማ ኖራለች፤ እኔ ያጣሁት የሳቸውን ይቅርታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ፤ ወደ ኋላ አለች። ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ጻፊው።»

«ማን ሊያነበው? ሞቱ እኮ።»

«እኔ አነበዋለሁ።»

ፊርማዬን ሰረዝኩና ከሥሩ ጻፍኩ። እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀያሚ ጻፈ። ሰጠኋት። ስታነብ ፊቷን እያየሁ ቆምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፊት የፈራሁት ነገር የለም። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «እንሂድ፣ ታክሲ አይገኝም» አለች። ቀብሩ ላይ እጄን አልያዘችም። ዕቃ ክፍሉ የነበሩት ልጆች፣ አሁን ጎረምሳና ኮረዳ ሆነው፣ አንድ ላይ ቆመው ያለቅሳሉ፤ ሄዳ እነሱ መሃል ቆመች።

ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበረንም። አልጠየቅኳትም። ምላሴን ነክሼ እጇን እጇን ሳይ ከረምኩ።

ዛሬ ደግሞ አርብ ነው። ከሥራ ስገባ ስሱ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እሷ የለችም። ጫማዬን ሳላወልቅ ገለጥኩት። ከጽሑፌ ሥር፣ ልክ ቲቸር ወይንሸት እንደሚጽፉት፣ ሁለት መስመር አለ።

«የእናቴ እጅ በዚህ ሳምንት እውነቱን ጻፈ። አምስት ዓመት ዘግይቷል።»

ከሥሩ ለመልስ የሚሆን ባዶ መስመር ትታልኛለች።